የፈረሰው ቤት፣ የተባረረው ቢራ

(ለንደን ውስጥ በአንድ የእሁድ ከሰዓት የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ስለ ሁለት ፐቦች ነው የማወራችሁ። አንደኛውን ባለቤቱ በማሽን አፈረሰው። ሁለተኛውን ማንም አልነካውም፤ ግድግዳው፣ አግዳሚው፣ ምድጃው እንዳለ ነበር። ብቻ አንድ ቀን ቢራውን ቀየሩበት፤ ሰውም ጥሎት ወጣ። ከሁለቱ ክፉኛ የተጎዳው የቱ ነው? እኔ የራሴ መልስ አለኝ። እናንተ ሰምታችሁ ፍረዱ።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «እሁድ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ስለ መጠጥ ቤት?» እያላችሁ ነው። አባቶችና እናቶች ይቅርታ አድርጉልኝ። አዘጋጆቹ «የምንኖርበትን አገር የሚያሳውቅ ነገር አምጣ» አሉኝ። ይህን አገር ደግሞ ፐቡን ዘልሎ ማወቅ አይቻልም። ሰው ከቀብር መልስ እዚያ ይሰበሰባል። ኳስ ያያል፣ ይከራከራል፣ ከሥራ የተቀነሰ ጓደኛውን ያጽናናል። የማይጠጣውም ይገባል። ሻይ ያዛል፣ የሎሚ ሶዳ ያዛል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ከፈረሰው ልጀምር።

ካርልተን ታቨርን ይባላል። እዚሁ ለንደን ነው፤ ከኪልበርን ፓርክ ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሱበታላችሁ። በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ፐብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ቦምብ ወድሟል። በምትኩ ቻሪንግተን የተባለው የለንደን ቢራ ጠማቂ በ1920 እና በ1921 አዲስ ቤት ሠራ። ቀይ ጡብ፣ የጠማቂው ስም የተጻፈበት የሸክላ ሰሌዳ፣ ውስጡ ያጌጠ ኮርኒስ። በሁለተኛው ጦርነት ዙሪያው ሲደበደብ እሱ ተረፈ።

ከቦምብ የተረፈ ቤት ከገንዘብ አይተርፍም። የገዛው ኩባንያ አፍርሶ አፓርታማ ሊሠራበት ፈለገ። የአካባቢው አስተዳደር፣ የዌስትሚንስተር ካውንስል፣ አልፈቅድም አለ። በዚህ መሀል ቅርስ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ሂስቶሪክ ኢንግላንድ፣ ቤቱን ወደ ጥብቅ ሕንፃዎች መዝገብ ሊያስገባው ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ኤፕሪል 2015፣ ፋሲካ ሰሞን፣ ለሠራተኞቹ «ዕቃ ቆጠራ ስላለ ቤቱ ዝግ ነው» ተባሉ። ከዚያ ማሽኑ መጣ። መንገደኛው እያየ ግማሹ ቤት ተናደ፣ ሌላውም ተከተለ።

ታሪኩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው ቀድሞ ጠርጥሮ ኖሯል። ገና ሳይፈርስ ለሂስቶሪክ ኢንግላንድ አመልክተው፣ ባለሙያዎች መጥተው ቤቱን ከውስጥም ከውጭም መዝግበውታል፣ ፎቶ አንስተውታል፣ የሸክላውን ቅርጽ ሳይቀር በጄሶ ወስደውታል። ስለዚህ አፍራሹ «እንዴት እንደነበረ ማን ያውቃል?» ማለት አልቻለም። ካውንስሉ ትእዛዝ ጻፈ፦ እንደነበረው አድርገህ፣ ጡብ በጡብ፣ መልሰህ ሥራ። ይግባኝ ጠየቀ። በ2016 ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ሠራው። ኤፕሪል 2021 ተከፈተ። ያኔ ኮቪድ ነበር፤ ከኤፕሪል 12 ጀምሮ ፐቦች እንዲያስተናግዱ የተፈቀደላቸው ውጭ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት የታገሉለትን ቤት ደጁ ላይ ተቀምጠው፣ በብርድ፣ ከውጭ እያዩት ጠጡ። እንግሊዝ እንደዚህ ያለ ነገር ላይ አይማረርም። ኮቱን ቆልፎ ይጠጣል።

ካርልተን ታቨርን ብቻውን አይደለም። በስታፎርድሺር «ጠማማው ቤት» የሚባል ፐብ ነበር። ከሥሩ የከሰል ማዕድን ስለተቆፈረ አንድ ጎኑ ወደ መሬት ሰምጦ፣ ሳትጠጡ የሰከራችሁ የሚያስመስል ቤት ነው። ኦገስት 2023 ቅዳሜ ማታ ተቃጠለ። ሰኞ ፈረሰ። እሱንም ካውንስሉ በ2024 መልሳችሁ ሥሩ ብሏል።

በዚህ አገር አንድ ሕንፃ መዝገብ ውስጥ ከገባ የሚጠበቀው ከውጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባንኮኒውን መንቀል፣ በሁለት ክፍል መሀል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ፣ የድሮውን መስኮት መቀየር፣ ሁሉም ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የነካ ወንጀል ሠርቷል። ሳውዝዋርክ ያለው ጆርጅ ኢን፣ ከ1676ቱ ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠራው፣ አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ፣ ተሰጥቶታል። ሊቨርፑል ያለው ፊልሃርሞኒክም በ2020 አንደኛ ደረጃ ሆኗል። የፊልሃርሞኒክ የወንዶች ሽንት ቤት በእብነ በረድ ያጌጠ ስለሆነ ሴቶችም እያስፈቀዱ ገብተው ያዩታል። ስትሄዱ አንኳኩ ብቻ።

መዝገብ ውስጥ ላልገቡትም ከሜይ 2017 ወዲህ በእንግሊዝ ፐብን ማፍረስ ወይም ወደ ሱቅ መቀየር የፕላን ፈቃድ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ሕግ የወጣው በከንቱ አይደለም። በ2000 በመላው ብሪታንያ ከ60 ሺህ በላይ ፐብ ነበር። አሁን ከ50 ሺህ በታች ነው።

ይሁንና ሕጉ የሚጠብቀው ጡቡን ነው። ባንኮኒው ላይ ምን ይቀዳ የሚለው አያገባውም። አንደኛ ደረጃ በተሰጠው ቤት ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ፣ ላገር የሚባለው ቀዝቃዛ ቢራ ብቻ ቢሸጥ ምንም ሕግ አልተጣሰም። ሁለተኛው ቤት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ቢራው ትንሽ ልበል፤ አለበለዚያ «ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ይህ ሁሉ ግርግር?» ትላላችሁ።

አዲስ አበባ ጃምቦ ያዘዘ ሰው ድራፍትን ያውቃል። ቀዝቃዛ ነው፣ በጋዝ ተገፍቶ ይወጣል፣ ዛሬም ነገም ጣዕሙ ያው ነው። እንግሊዞች ሪል ኤል የሚሉት ሌላ ፍጥረት ነው። በርሜሉ ከጠማቂው ሲወጣ እርሾው ከነሕይወቱ ውስጡ አለ። ፐቡ ምድር ቤት ከገባም በኋላ መብላላቱን ይቀጥላል፣ ጋዙን ራሱ ይሠራል። ከውጭ ጋዝ አይጨመርበትም። ለእኛ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ እንደ ጠላ በሉት። መቼ እንደደረሰና መቼ እንደሚቆመጥጥ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል።

ይህ ቢራ ሊጠፋ ነበር። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ጠማቂዎች ትንንሾቹን እየዋጡ፣ ተጣርቶ በጋዝ የሚገፋ ቢራ በየፐቡ አዳረሱ። ዋትኒስ ሬድ ባረል የሚባለው ዛሬም በዕድሜ የገፉ እንግሊዞች ፊታቸውን እያጨማደዱ የሚጠሩት ስም ነው። ለባለ ፐቡ ግን ይመቻል። አይበላሽም፣ ሙያ አይጠይቅም። በ1971 አራት ወጣቶች አየርላንድ ለዕረፍት ሄደው፣ ኬሪ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው «ይህን ነገር ዝም ብለን እናያለን ወይ?» ተባባሉ። ዛሬ ካምራ የሚባለው የጠጪዎች ማኅበር የተወለደው እዚያ ነው። የእንግሊዝን ቢራ ለማዳን አየርላንድ መሄድ አስፈለገ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህን ሲነግሯችሁ ትንሽ ያፍራሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት።

ሉዊስ በምሥራቅ ሱሴክስ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ሰዉ እልኸኛ ነው። ቶማስ ፔይን የተባለው ጸሐፊ አሜሪካ ሄዶ አገር ከማነሳሳቱ በፊት ከ1768 እስከ 1774 የኖረው እዚያ ነው፤ ፐብ ውስጥ እየተሰበሰቡ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። በ1550ዎቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት በከተማዋ የተቃጠሉትን አሥራ ሰባት ፕሮቴስታንቶች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 በችቦና በእሳት ያስቧቸዋል። እንደዚህ ያለ ከተማ ላይ ቂም አይረሳም።

ኡዝ የሚባለው ወንዝ ዳር ሃርቪስ የተባለው ጠማቂ አለ። ከ1790 ጀምሮ ያለ የቤተሰብ ድርጅት ነው። በ1881 ዊልያም ብራድፎርድ የነደፈው ግንብ ከሩቅ ይታያል። የከፍታው ምክንያት ሥራው ነው። ብቅሉና ውሃው ከላይ ይገባሉ፤ ከዚያ ፎቅ በፎቅ በራሳቸው ክብደት እየወረዱ ታች ሲደርሱ ቢራ ይሆናሉ። ኦክቶበር 2000 ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ጠማቂው ቤትም ውሃ ገባበት። ጎርፉ ሲጎድል በጋኖቹ ውስጥ ከተረፈው ቢራ ጥቂቱን የወንዙን ስም ሰጥተው ሸጡት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። የሉዊስ ሰው «የኛ» ብሎ የሚምልበት የሃርቪስ ቢራ እርሾው የሉዊስ አይደለም። በ1957 ከሰሜን፣ ከዮርክሺር፣ ታድካስተር ካለው ጆን ስሚዝ ከተባለ ጠማቂ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ጥንስስ ለሚቀጥለው እያስተረፉ እስከ ዛሬ ዘልቀዋል። እንግዳ እርሾም ቢሆን ብዙ ዓመት ከተቀመጠ ያገሬ ልጅ ይሆናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ይህን መስማት ደስ ይለናል መሰለኝ።

ከከተማዋ የድሮ ምሽግ ሥር ሉዊስ አርምስ የሚባል ፐብ አለ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ አራት ሰው ከገባ አምስተኛው ትከሻ ለትከሻ ነው። ሙዚቃ የለም። ሰው ያወራል። ተራ ቤት እንዳይመስላችሁ፣ አተር በመወርወር የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄድበት ቤት ነው። የዓለም ነው የሚሉት እነሱ ናቸው።

የዚህ ቤት ባለቤት በዚያን ጊዜ ግሪን ኪንግ ነበር። ከሰፎክ የመጣ፣ በ1799 የተቋቋመ ትልቅ ጠማቂ ነው። እዚህ አገር ብዙ ፐብ የሚተዳደረው በዚህ ዓይነት ነው። ቤቱን የያዘው ጠማቂ ወይም ኩባንያ ምን ቢራ እንደሚቀዳ ይወስናል። በ1989 መንግሥት የትልልቆቹን ጠማቂዎች ጉልበት ለመቀነስ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ከ2 ሺህ በላይ ፐብ ያላቸው የተወሰነውን እንዲለቁ። ለቀቁ። የለቀቁትን ደግሞ ቢራ የማይጠምቁ፣ ፐብ ብቻ የሚይዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ገዙት። ጌታው ተቀየረ እንጂ ቀንበሩ አልወረደም።

ዲሴምበር 2006 ግሪን ኪንግ ሃርቪስን ከሉዊስ አርምስ አወጣ። የራሴን ቢራ በራሴ ቤት እሸጣለሁ አለ። በሕግ መብቱ ነው። ጠማቂው ቤት ከፐቡ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ላይ ነው፤ ቢራው ግን ከሌላ አውራጃ በመኪና መምጣት ጀመረ።

ደንበኞቹ አድማ መቱ። ፈርሞ አቤት ያለው ሰው ከ1 ሺህ በላይ ነበር። ዋናው ግን ፊርማው አልነበረም። በየምሽቱ፣ በክረምቱ፣ ደጁ ላይ ይቆማሉ። መፈክር ይዘው፣ የሚገባውን ሰው በትሕትና ያናግራሉ፦ «ጌታዬ፣ ሌላ ቤት ቢሄዱልን?» ውስጡ ባዶ ቀረ። እሳቱ ይነዳል፣ ብርጭቆው ተወልውሏል፣ ቀጂው ብቻውን ቆሟል። ይህ 133 ቀን ቆየ። ኤፕሪል 2007 ግሪን ኪንግ ተሸነፈ፤ ሃርቪስ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ ቤቱ ራሱ ወደ ሌላ ኩባንያ ዞረ።

መልሴን አሁን ልንገራችሁ። ካርልተን ታቨርን ሲፈርስ ካውንስል ነበረው፣ መርማሪ ነበረው፣ የጄሶ ቅርጽ ነበረው። ሉዊስ አርምስ ከጠጪው በስተቀር አንድም ጠበቃ አልነበረውም። ለእኔ የባሰው የሱ ነው። የፈረሰ ጡብ ተመልሶ ሲሠራ ለማየት ዕድሜ ከሰጠን አየን። ቢራው ከወጣ በኋላ ጠጪው ከተበተነ ግን ማን ይሰበስበዋል?

ሦስተኛ ቤት ልጨምር። ይህን ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቷ ወሬ አትወድም። ከሉዊስ ብዙ የማይርቅ መንደር ውስጥ ነው። አሮጌ ቤት ነው፣ ታድሷል፣ የአካባቢውን ቢራ ይቀዳል። «ታሪካዊ ቤት ዘመናዊ ሆነ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማሳየት ካለብኝ ወደዚያ ነው የምወስዳችሁ።

ስትገቡ ጎንበስ በሉ። ጣሪያውን የተሸከመው ግንድ ጥቁር ኦክ ነው፤ ከተሠራ ወዲህ ስንት ረጅም ሰው ግንባሩን እንደገጨበት እግዚአብሔር ይወቅ። ባንኮኒው የድሮው ነው፤ ክርን የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ ጎድጉዷል። ከሱ ላይ ሦስት ረጅም የቢራ መቅጃ እጀታ ቆሟል። በየእጀታው ላይ የቢራው ስምና ምልክት ተለጥፏል። ሦስቱም በመኪና ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት የተጠመቁ ናቸው። ካምራ ከ2007 ጀምሮ ይህን የሚያበረታታበት ምልክት አለው። በቅርብ የተጠመቀ ቢራ ሁልጊዜ የሚቀዳ ፐብ በሩ ላይ ይለጥፈዋል። ስትሄዱ ፈልጉት።

እንግዲህ ምን ለወጠች? በጓሮ በኩል ኩሽናውን አሳደገችና ባለ መስታወት መመገቢያ ቀጠለችበት። ሽንት ቤቱን እንደ ሰው ሽንት ቤት አደረገችው። ለተሽከርካሪ ወንበር መግቢያ ሠራች። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሥሩ ቀየረች። ብዙውን ገንዘብ የዋጠው ግን ምድር ቤቱ ነው ብላኛለች። እኔን ደስ ያለኝ ይህ ነው። ሰው የማያየው ቦታ ላይ ብዙ አወጣች፣ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ እጇን ሰበሰበች። ብዙ ቦታ የማየው ግልባጩን ነው።

መመለስ ያልቻለችውም አለ። በፊት እዚህ አገር ፐብ ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ የሠራተኛ ነው፣ ጠንካራ አግዳሚ፣ ባዶ ወለል፣ ቢራው በሳንቲሞች ረከስ ያለ። ሌላው ምንጣፍ ያለው፣ ሚስቱን ይዞ የሚመጣው ሰው የሚቀመጥበት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየቦታው በመሀል ያለው ግድግዳ ፈርሶ አንድ አዳራሽ ሆነ። የዚህም ቤት ፈርሷል። መደብ ስለቀረ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ምስጢር የሚያወራበት ጥግም አብሮ ሄደ።

ቅር ያለኝም አለ፦ ግራጫ ቀለም። የታደሰ ፐብ ሁሉ ለምን ግራጫ እንደሚቀባ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማያነባቸው መጻሕፍት ተደርድረዋል። በሜትር ተገዝተው የመጡ ናቸው መሰል። ሁለተኛ ቅጽ አለ፣ አንደኛው የለም።

«ምድር ቤቱን ካላሳየኋችሁ፣ ያያችሁት ሳሎኑን ብቻ ነው» ብላ ባለቤቴንና እኔን ይዛን ወረደች። ደረጃው ጠባብ ነው። ታች ብርዱ እግር ይይዛል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መለኪያ 12 ዲግሪ ይላል። «እንግሊዞች ቢራ ሞቅ አድርገው ይጠጣሉ» የሚባለው ሐሜት ከዚህ የመጣ ነው። ቢራው አልሞቀም። ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይደበቃል፣ ከዚያ ከሞቀ ይበላሻል።

በርሜሎቹ በጎናቸው ተጋድመው በሽብልቅ ተደግፈዋል። ዛሬ ብረት ናቸው፤ እንጨቱ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። በየበርሜሉ ሆድ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳው ላይ አየር የሚያሳልፍ ለስላሳ የእንጨት ችንካር ተተክሏል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በችንካሩ ዙሪያ ነጭ አረፋ ብቅ ይላል፣ ይፈነዳል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። መፍላቱ ሲረጋ ለስላሳውን ነቅላ አየር በማያሳልፍ ጠንካራ ችንካር ትተካዋለች። በርሜሉ ላይ በጠመኔ ቀን ተጽፏል። ከአንዱ ትንሽ ቀዳች። ብርጭቆውን ባትሪ ላይ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ ደፋችው። «ነገ» አለች። ለኛ የጠራ ይመስል ነበር።

ከዚህ በኋላ የነገረችኝ ሒሳብ ነው የማይረሳኝ። ትንሹ የተለመደው በርሜል 9 ጋሎን ይይዛል፤ 41 ሊትር ያህል፣ 72 ፓይንት ማለት ነው። ከተከፈተ አየር ስለሚገባው ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ሦስት ቀን አካባቢ ነው። በሦስት ቀን 72 ብርጭቆ ካልሸጠች የቀረው ወደ ፍሳሽ ነው። ሦስት እጀታ ብቻ ያላት ለዚህ ነው። በተረፈ እናንተም ከዚህ አንድ ብልሃት ያዙ፦ ስምንት እጀታ ተደርድሮ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ካያችሁ ቢራውን ተዉት፣ ሻይ እዘዙ።

ላይ ስንመለስ ቀዳችልን። እጀታው የድሮ ጥበብ ነው፤ ጆሴፍ ብራማ የተባለው መሐንዲስ በ1797 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ጎትታ ስትመልሰው ከምድር ቤት ግማሽ ፓይንት ያህል ይስባል። ሁለት ሦስት ጉተታ፣ ብርጭቆው ሞላ። ቀለሙ የመዳብ ነው። መጀመሪያ ብቅሉ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሆፕሱ፣ የእነሱ ጌሾ በሉት፣ ምሬት ምላስ ጀርባ ላይ ይቀመጣል። አረፋው እንደ ድራፍት ወፍራም አይደለም። ሰሜን እንግሊዝ ብትሄዱ ጫፉ ላይ ወንፊት ነገር አድርገው ወፍራም አረፋ ያወጡለታል። በዚህ ጉዳይ የሰሜንና የደቡብ ሰው ቢጣላ መሀል አትግቡ።

ስለ አገባብ ሁለት ነገር ልበልና ጥያቄ ልቀበል። ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ አትጠብቁ። እስከሚዘጋ ብትቀመጡ የሚመጣ የለም። ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ አዝዛችሁ ከፍላችሁ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሰልፍ የለም፣ ግን ሁሉም ማን ከማን በፊት እንደመጣ ያውቃል። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። እኛ ሒሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ እንያያዛለን፣ «በእናቴ ሞት!» እንላለን። እዚህ በተራ ነው። አንተ አሁን ለሁሉም ትገዛለህ፣ ቀጥሎ እሱ ይገዛል። ተራውን የዘለለ ሰው ምንም አይባልም። ግን ዕድሜ ልኩን ይታወሳል።

እሺ፣ ወደ ጥያቄ።

አንድ አባት የጠየቁኝ «ጾም ላይ ይጠጣል ወይ?» የሚል ነው። አባቴ፣ ነገሩ ከጠበቁት በላይ የተወሳሰበ ነው። ይህ ቢራ እንዲጠራ በብዙ ቦታ የሚጨመርበት ነገር ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነው። ደለሉን ይዞ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ብርጭቆ ውስጥ አይመጣም ይላሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ ገና አልጨረስንም፤ አሁን ቢራ ውስጥ ገባላችሁ። ያለ ዓሣ የሚያጠሩ ጠማቂዎች እየበዙ ነው፣ ጠይቁ። ንስሐ አባትዎንም ይጠይቁ።

አንዲት እህት «ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ምን ልዘዝ?» አለችኝ። «የአካባቢው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቀጂው ደስ ብሎት ያወራሻል። ደህና ቤት ከሆነ በትንሽ ብርጭቆ ያስቀምስሻል፣ በነፃ። ከዚያ ግማሽ ፓይንት እዘዢ። 4 በመቶ አካባቢ ያለው ይሻላል፤ የሃርቪስ ዋናው ቢራ ልክ 4 ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ «ቆምጥጦ ቢመጣብንስ? እነሱ እንደዚያ ነው የሚወዱት ብለን ዝም እንበል?» የሚል ነበር። የለም፣ ዝም አትበሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ተበላሽቷል። በብዛት ሳትጠጡለት መልሱት። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ «ይህ ትንሽ ያለፈበት መሰለኝ» በሉ። ደህናው ባለ ፐብ ራሱ ቀምሶ ያያል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እጀታው ላይ ያለውን ምልክት አዙሮ ሌላ ይቀዳላችኋል። አልቀይርም ካለ ብርጭቆውን እዚያው ትታችሁ ውጡ፤ መንገዱ ማዶ ሌላ ፐብ አለ።